ያለ ጥፋቱ የተከሰሰው ጥርስ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ተከሳሽ ነው። ተከሳሹ ጥርስ ነው፤ ያውም ገና ከድድ ያልበቀለ የሕፃን ጥርስ። ፓሪስ ላይ ተወነጀለ፣ ለንደን ላይ ተወነጀለ፣ በእኛም አገር መንደር ለመንደር ተወነጀለ። በስለት ተሰነጠቀ፣ መርዝ ተቀባ፣ ከሥሩ ተፈልፍሎ ወጣ። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን አንድ ሕፃን እንኳ አልገደለም። ገዳዩ ሌላ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጥርሱን ከብቦ ሲጮህ እሱ በጓሮ በር ወጥቶ ይሄድ ነበር።

ታሪኩ ከሩቅ ይጀምራል። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ፤ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን አምብሯዝ ፓሬ የሚባል ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ነበረ። ተራ ሰው እንዳይመስላችሁ። አራት ነገሥታትን ያገለገለ፣ የጦር ሜዳ ቁስልን በፈላ ዘይት ማቃጠል ይቅር ያለ፣ ደም የሚያፈስ ሥርን በክር ማሰር ያስለመደ ታላቅ ሰው ነው። አንድ ቀን የአንድ መስፍን የስምንት ወር ልጅ ሞተና ፓሬ አስከሬኑን እንዲመረምር ተጠራ። ሌላ የሞት ምክንያት አላገኘም። ድዱን በስለት ቢሰነጥቀው ጥርሶቹ ከሥር ተደርድረው፣ ለመውጣት ተዘጋጅተው አገኛቸው። «ቀደም ብሎ ተሰንጥቆለት ቢሆን ኖሮ ልጁ ይድን ነበር» የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ፤ ይህንንም በመጽሐፉ ጻፈ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፓሬ ያየውን ነገር አልፈጠረውም። ጥርሶቹ እውነትም እዚያ ነበሩ። ግን የማንኛውም የስምንት ወር ሕፃን ድድ ቢሰነጠቅ፣ እየሳቀ የሚድኸው ጤነኛም ቢሆን፣ ጥርሶቹ እዚያው ይገኛሉ። ዓይኑ አልዋሸውም፤ የተሳሳተው ያየውን ነገር የሞቱ ምክንያት ማድረጉ ላይ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ እንፈልጋታለን።

ከእርሱ በኋላ ድድ መሰንጠቅ በአውሮፓ የተከበረ ሕክምና ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የሞት መዝገብ ላይ «ጥርስ ማብቀል» ራሱን የቻለ የሞት ምክንያት ሆኖ ይጻፍ ነበር። እንግዲህ ይህን የሚጽፉት ወጌሾች አይደሉም። የተማሩ፣ የተማከሩ፣ በስማቸው ፊት ማዕረግ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ስለት ለሚፈራ ቤተሰብ ደግሞ ዱቄት ነበረለት። ጥርስ ለሚያበቅል ሕፃን ተብሎ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው ዱቄት ካሎሜል የሚባል ነገር ይገባበት ነበር። ካሎሜል የሜርኩሪ ውህድ ነው፤ በቀጥታ አነጋገር፣ መርዝ።

ከዚያም በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ሕፃናት ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ በሽታ በረከተ። የልጆቹ እጅና እግር ይቀላል፣ ቆዳቸው ይላጣል፣ ብርሃን ማየት አይችሉም፣ ቀን ከሌት ያለቅሳሉ። ፀጉራቸው ይረግፋል፤ ጥርሳቸውም ይረግፋል። ብዙዎቹ ሞቱ። ሐኪሞች ተጨነቁ፦ ከቫይረስ ነው ያሉ ነበሩ፣ ከቫይታሚን እጥረት ነው ያሉም ነበሩ። ጥርሱ በሰላም ይውጣ ተብሎ በእናት እጅ የሚሰጠውን ዱቄት የጠረጠረ እምብዛም አልነበረም።

የጠረጠረው ዮሴፍ ዋርካኒ ነው። ቪየና ተወልዶ አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ላይ የሚሠራ የሕፃናት ሐኪም ነበር። በ1940ዎቹ አጋማሽ የአንድ ታማሚ ልጅ ሽንት እንዲመረመር አደረገ፤ ሜርኩሪ ተገኘበት። ከባልደረባው ጋር ሆኖ የሌሎችንም መረመረ፤ አሁንም ሜርኩሪ። በ1948 ግኝቱን አሳተመ። ታዲያ ዓለም «እሰይ» ብሎ የተቀበለው ይመስላችኋል? ለዓመታት ተሟገቱት። የተሟጋቾቹ ዋና መከራከሪያ ምን ነበር መሰላችሁ፦ «ይህን ዱቄት ስንት ሺህ ሕፃን ወስዶታል፤ የታመሙት ጥቂቶች ናቸው፤ የእኛ ልጆች ወስደው ምን ሆኑ?» እውነትም ከሚወስዱት መካከል የሚታመሙት ጥቂት ነበሩ። በ1954 የእንግሊዝ አምራቾች ሜርኩሪውን ከዱቄቱ ሲያወጡ፣ በሽታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሞላ ጎደል ጠፋ።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

በአገራችን ብዙ ቦታ ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው፣ ሲያስመልሰው፣ ሲያተኩሰው፣ ጡት አልይዝ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግግ ነው። አያት የልጁን ከንፈር ገለጥ ታደርጋለች። ክራንቻው ሊበቅልበት ካለው ቦታ ላይ ድዱ ጉብ ብሎ ነጣ ብሎ ይታያታል። በቃ፣ ጥፋተኛው ተገኘ። ልጁ ወደ ወጌሻ ይወሰዳል። በምላጭ ወይም በመርፌ ወይም በሚስማር ጫፍ ድዱ ይከፈትና ያ ለስላሳ ነጭ ቡቃያ ይወጣል። ለእናቲቱም ይታያታል፤ «ይኸውልሽ፣ ልጅሽን ሲበላ የነበረው ይህ ነው»። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሱዳንም ኡጋንዳም ታንዛኒያም ሶማሊያም አለ። የወጣው ነገር ግን ጤነኛ ጥርስ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ሊበቅል የተቀመጠ።

ወዲያው የሚከተለውን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የማያገናኘው ይህን ነው። ልጁ ቀድሞውኑ በተቅማጥ ፈሳሽ እያለቀበት ነው። አሁን ደግሞ አፉ ቆሰለ። አፉ የቆሰለ ሕፃን ጡት አይስብም። እያለቀበት ያለውን ውኃ የሚተካበት አንድ በር ነበረው፤ እሱም ተዘጋ። ደም መፍሰሱ፣ በቁስሉ የሚገባው ጀርም፣ መንጋጋ ቆልፉ፣ በአንድ ምላጭ ከልጅ ወደ ልጅ የሚሻገረው ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ከዚያ በላይ ነው። የተረፈውም ልጅ ከፍ ሲል ሌላ ዕዳ ይጠብቀዋል፤ ከወተት ጥርሱ ሥር ተኝቶ የነበረው ቋሚ ጥርስ ስለት ከነካው ተጣሞ ይወጣል፣ ወይም ተቦርቡሮ፣ ወይም ጭራሹን አይወጣም።

የእስራኤል የጥርስ ሐኪሞች ይህን ታሪክ ከልጆች አፍ አንብበውታል። በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ከኢትዮጵያ የገቡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ክሊኒክ ሲመጡ፣ ሐኪሞቹ የብዙዎቹ የወተት ክራንቻ በቦታው እንደሌለ አዩ። ግራ ገባቸው፤ ጠየቁ፤ ተረዱ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ እዚያው እስራኤል በተወለዱ ልጆች ላይም ይኸው ምልክት ተገኘ። ሆስፒታሉ በየሰፈሩ ነው፣ ሕክምናው በእጅ ነው፤ ግግ ግን አብሮ ተሻግሯል። እንግዲህ ይህን እምነት በሐኪም እጦት ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም።

በእኛ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የሕፃን እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ መንቀልን በስም ጠርቶ ያስቀጣል። ሕጉ መኖሩ ተገቢ ነው፤ አልከራከርም። ግን ሕግ እናትን ከወጌሻ ደጅ ላያርቃት ይችላል፤ ከሐኪም ፊት ግን ዝም ሊያሰኛት ይችላል። ዝም ያለች እናት ልጅ ደግሞ ደሙ እየተመረዘ «እንዲያው በድንገት ነው የጠናበት» ተብሎ ይመጣል። ሐኪም ተቆጥቶ ሲጮህባት የበለጠ ትደብቃለች። በየሕፃናት ክፍሉ ብዙ ጩኸት ተጮኋል፤ እኔ የማምነው ግን ሌላውን መንገድ ነው፤ አሁን እነግራችኋለሁ።

አንዲት የሕፃናት ሐኪም አስቡልኝ። ስም አልሰጣትም፤ እንዲህ ዓይነቶቹ በየጤና ተቋሙ አሉና ሁሉም የራሱን ያስብ። የስምንት ወር ወንድ ልጅ ይዘው እናትና አያት ገቡ። ተቅማጥ ከያዘው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ እርግብግቢቱ ገባ ብሏል፣ ሲያለቅስ እንባው ትንሽ ነው። ውኃ ሲያይ ግን ይንጠራራል። ሐኪሟ ይህን በአንድ እይታ ለቅማዋለች፤ ገና የሚጠጣ ልጅ ነው፣ ጊዜ አለ።

አያቲቱ ቀደሙ። «ልጄ፣ ግግ ነው። እዚህ ያመጣነው እሷ እምቢ ብላኝ ነው» አሉና ወደ ልጃቸው ጠቆሙ። «አምስት ወልጄ አምስቱንም አስወጥቻለሁ። ይኸው አሉ።»

ሐኪሟ እጇን ታጠበች። የልጁን ከንፈር ገለጥ አድርጋ አየች። «እውነትዎን ነው እማማ፤ አብጧል። ነጣ ብሎም ይታያል» አለች።

ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር አትለፏት። ሐኪሟ «ውሸት ነው» አላለችም። አያቲቱ ያዩትን አየሁት አለች። ከዚህ በኋላ አያቲቱ ይሰሟታል፤ ዓይናቸውን አልካደችባቸውምና። ክርክሩ ያለው ያዩት ነገር መኖሩ ላይ ሳይሆን ተቅማጡን ያመጣው እሱ መሆኑ ላይ ነው። ፓሬ የተሳሳተው እዚህ ነው ብያችሁ አልነበር።

ቀጥላ ጠየቀች፤ «እማማ፣ ደኅና ልጅ ድድ አይተው ያውቃሉ? ሳይታመም?»

አያቲቱ አሰቡ። ደኅና ልጅ ከንፈሩ ማን ይገለጥበታል? ሐኪሟ በመተላለፊያው ላይ ለክትባት ወረፋ ከምትጠብቅ እናት ጋር አገናኘቻቸው። ልጇ የዘጠኝ ወር ናት፣ ወፍራም፣ እየሳቀች። ከንፈሯ ገለጥ ተደረገ። ያው ጉብታ፣ ያው ንጣት። አያቲቱ አንዴ የልጅቷን፣ አንዴ የልጅ ልጃቸውን ድድ ተመለከቱ፤ ምንም አላሉም።

እዚህ ላይ ሐኪሟ የምታውቀውንና ጊዜ ስለሌላት ለአያቲቱ በሙሉ ያልነገረቻቸውን እኔ ልንገራችሁ። ሕፃን ስድስት ወር አካባቢ ሲደርስ ብዙ ነገር በአንድ ሰሞን ይገጥመዋል። ከእናቱ የወረሰው የበሽታ መከላከያ እየሳሳ ይሄዳል። ከጡት በተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፤ ምግቡ፣ ሰሃኑ፣ ውኃው ሁሉ ጀርም ሊይዝ ይችላል። መዳኽ ይጀምራል፣ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይሰዳል። ተቅማጥ በዚህ ዕድሜ ቢበዛ ምን ይገርማል? ጥርስም የሚመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሁለቱ አብረው ስለመጡ አንዱ ሌላውን የወለደ ይመስላል። ጥርሱን መክሰስ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ክሊቭላንድ፣ አሜሪካ ያሉ የሕፃናት ሐኪሞች ይህንኑ ለማጣራት ሞክረው በ2000 አሳትመዋል። 125 ሕፃናትን ይዘው፣ ወላጆች በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሙቀት እንዲለኩና ያዩትን ምልክት ሁሉ እንዲመዘግቡ አደረጉ። 475 ጥርስ ሲወጣ ተመዘገበ። ጥርስ በሚወጣበት ሰሞን ምራቅ በዛ፣ መንከስ በዛ፣ መነጫነጭና እንቅልፍ ማጣት ታየ፤ ሙቀትም ትንሽ ከፍ አለ። ተቅማጥ ግን ከጥርሱ ጋር አልተያያዘም፤ ከባድ ትኩሳትም እንዲሁ። ይህን የመሰከሩት ደግሞ እናቶቹና አባቶቹ በገዛ እጃቸው በሞሉት መዝገብ ነው።

«ታዲያ አምስቱ ልጆቼ እንዴት ዳኑ?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ከባድ ጥያቄ ነው፤ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። አብዛኛው የሕፃን ተቅማጥ በሳምንት ጊዜ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ጎረቤት «ግግ ነው» የሚለው በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ወጌሻው የሚሠራው በአራተኛው ቀን ነው፤ ተቅማጡ በስድስተኛው ይቆማል። ምስጋናውን ማን ወሰደ? ወጌሻው። ያልዳነው ልጅ ግን ተነስቶ አይመሰክርም፤ ሲሞትም «ዘግይተን ነው ያስወጣንለት» ይባላል። እንዲህ ሲሆን ግግ በሁለቱም በኩል ይረታል፤ ልጁ ቢድንም ቢሞትም።

ሐኪሟም ለአያቲቱ ያለቻቸው ይህን ነው፤ ግን አሳጥራ፣ በክብር። «አምስቱን ያዳኑት እርስዎ ነዎት እማማ። ጡት ሳያቋርጡ፣ ሌሊት ሳይተኙ። ግጉ አይደለም።»

አሁን ዋናው ነገር መጣ። አያቲቱ ቢያምኑም ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነው? ግግን ይህን ያህል ዘመን ያኖረው እኮ ለተጨነቀች እናት የምታደርገው ነገር መስጠቱ ነው። ልጇ በእጇ ላይ እየቀለጠ «ታገሺ፣ ያልፋል» የሚላትን ሰው እናት አትሰማም፤ ልትሰማም አይገባትም። ሐሰቱን ከእጇ የሚነጥቅ ሐኪም በምትኩ የሚሠራ ነገር ካላስጨበጣት እዚያው ወጌሻ ደጅ ታገኛታላችሁ።

የሚሠራው ነገር እንዴት እንደተገኘ ስሙ። በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ሕንድ አሰደደ። ድንበሩ ላይ ቦንጋዎን በምትባል ቦታ ኮሌራ ገባ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ወደዚያ ተላከ። ሁለት ክፍል፣ 16 አልጋ፤ ሕሙማኑ ወለሉን ሞልተውታል፤ እሱ የሚራመደው በትውከትና በተቅማጥ መካከል ነው። በደም ሥር የሚሰጠው፣ እኛ ግሉኮስ የምንለው ፈሳሽ አለቀ። በዘመኑ የሕክምና ትምህርት መሠረት ግሉኮስ ካለቀ ነገሩም አለቀ። በኮሌራ ወይም በብርቱ ተቅማጥ የተያዘ ሰው በአፉ ቢጠጣ አይጠቅመውም፤ አንጀቱ ማረፍ አለበት የሚሉ ሐኪሞች ብዙ ነበሩ። ይህም ሐሰት ነበር፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐሰት።

ማሃላናቢስ ግን ዳካና ካልካታ ላይ የተደረጉትን ሙከራዎች ያውቃል። ጨው ብቻውን በታመመ አንጀት ግድግዳ አልሻገር ይላል፤ ስኳር ከተጨመረበት ግን ሁለቱ ተያይዘው ይገባሉ፣ ውኃም ይከተላቸዋል። ስለዚህ ጨውና ግሉኮስ ዱቄት አስመዝኖ፣ በትልልቅ በርሜል በጥብጦ፣ ቧንቧ ገጥሞ አቀረበ። ያጠጡ የነበሩት ነርሶች ብቻ አይደሉም፤ እናቶች፣ እህቶች፣ አባቶች ናቸው። ሰው እንዲያምነውም «በአፍ የሚሰጥ ሳላይን ነው» ተባለ። በሌላው ቦታ ከመቶ ሕሙማን እስከ 30 ይሞት በነበረበት ጊዜ፣ እሱ ጋ ከመቶ ወደ 4 የሚጠጋ ብቻ ሞተ። ውጤቱን ጽፎ ሲልክ መጽሔቶች አንቀበልም አሉት፤ የታተመለት በ1973 ነው። ኋላ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ተቀበለው፤ ዛሬ በየጤና ኬላው የምናገኘው የኦ አር ኤስ ከረጢት የዚያ በርሜል ልጅ ነው።

ከዚያም ባንግላዴሽ ውስጥ ብራክ የሚባለው ድርጅት ከ1980 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ሴት ሠራተኞችን ከቤት ቤት እየላከ እናቶችን አስተማረ፤ በሦስት ጣት ጨው፣ በእፍኝ ጥቁር ስኳር፣ በተለካ ውኃ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤት አንኳኩተዋል። ደመወዛቸው የሚታሰበው ባንኳኩት ደጅ ቁጥር ሳይሆን፣ እናቲቱ ከሳምንታት በኋላ ስትጠየቅ በምታስታውሰው ልክ ነበር። እንዲያም ሆኖ መጀመሪያ ላይ እናቶቹ በትክክል እያስታወሱ አይጠቀሙበትም ነበር። ምክንያቱ ሲፈለግ፣ አስተማሪዎቹ ራሳቸው በተቅማጥ ሲያዙ ሌላ መድኃኒት ይውጡ ነበር። አላመኑበትም። ወደ ዳካ ተወስደው አሠራሩን ተረዱ፣ ራሳቸውም ጠጡት፤ ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተቀየረው። እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የሚገርመኝ፣ እናት የሐኪሙን አፍ ብቻ ሳይሆን ልቡንም የምትሰማ መሆኗ ነው።

ዳካ ውስጥ ያለው የተቅማጥ ምርምር ማዕከል ከእኛ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። ከ1989 ጀምሮ ለዓመታት የመሩት ኢትዮጵያዊው የሕፃናት ሐኪም ፕሮፌሰር ደምሴ ሀብቴ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ዲን የነበሩ፣ ኋላም የኢትዮጵያ የሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑ ሰው። የተቅማጥን ጥናት ለዓለም ከሚመሩት ቤቶች አንዱ በእኛው ሰው እጅ ነበረ። ልጆቻችን ይህን በትምህርት ቤት ሲማሩት ማየት እመኛለሁ።

ወደ አያቲቱ ልመለስ። ሐኪሟ ልጁን አስመዘነች፤ 8 ኪሎ። በአራት ሰዓት ውስጥ 600 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። አንድ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ አስበጠበጠች፤ የበጠበጡት አያቲቱ ናቸው። ኩባያና የሻይ ማንኪያ በእጃቸው ሰጠቻቸው። «በየደቂቃው አንድ ማንኪያ። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ይታገሡና ቀስ ብለው ይቀጥሉ። ጡቱም አይቋረጥ።» የዚንኩን ኪኒን ደግሞ ለእናቲቱ፤ በቀን አንድ፣ ለ10 ቀን፣ ተቅማጡ ቢቆምም ሳይቋረጥ። ሰገራው ላይ ደም ካየች፣ መጠጣት ካቃተው፣ ፈዞ ካልነቃ ሌሊትም ቢሆን እንድትመጣ።

እስከዚያው፣ ልጁ እየጠጣ፣ ስለ ውጭዎቹ ላጫውታችሁ። ባሕር ማዶ ያለን «እኛስ ከዚህ ወጥተናል» እንዳንል። አሜሪካ ውስጥ ጥርስ ለሚያበቅል ሕፃን ከሙጫ የተሠራ ቢጫ ዶቃ፣ አምበር የሚሉት፣ በአንገቱ ይታሰርለታል፤ ከዶቃው የሚወጣ ነገር ሕመም ያስታግሳል ይባላል። በ2018 መጨረሻ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህን አስጠነቀቀ፤ የ18 ወር ልጅ ተኝቶ ሳለ በዚሁ ዶቃ ታንቆ ሞቷል። ከዚያ በፊት በ2017 ለጥርስ ማብቀያ በሚሸጡ አንዳንድ እንክብሎች ውስጥ ቤላዶና የሚባለው መርዛማ ዕፅ ከተጻፈው መጠን በላይ ተገኝቶ ነበር። ድድ የሚያደነዝዙ ቤንዞኬይን ያለባቸው ቅባቶችም ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጡ ታዝዟል፤ ደም ኦክስጂን እንዳይሸከም ሊያደርጉ ይችላሉና። ዶቃው በሚያምር ፎቶ፣ በሺህ ምስክር ነው የሚሸጠው። ጥርሱ አሁንም ክስ ላይ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ብቻ ነው ወደ ስልካችን የገባው። ዋሽንግተንም ብትኖሩ ዱባይ፣ ጥርስ ለሚያበቅል ልጅ የሚበቃው ንጹሕ፣ ቀዝቀዝ ያለ የሚነክሰው ነገርና የእናት ጣት ነው። ካተኮሰው፣ ካስቀመጠው ግን ምክንያቱ ሌላ ነውና ይመርመር።

ሦስት ሰዓት አለፈ። ልጁ ሽንቱን ሸና፤ አያቲቱ ጮኸው ሐኪሟን ጠሩ። ዓይኑ ሞልቷል፣ ማንኪያውን ሊነጥቅ ይታገላል።

«ይህ ነጩ ታዲያ መቼ ነው የሚወጣው?» አሉ አያቲቱ።

«ክራንቻው ዓመት ከመንፈቅ አካባቢ ሲሆነው። ያኔ አምጥተው ያሳዩኛል። ከዚያ በፊት ግን በሚመጣው ወር ዘጠኝ ወር ይሞላዋል፤ የኩፍኝ ክትባት አለው።»

አያቲቱ ማንኪያውን አስቀመጡ። «እሱን እንኳ ተይኝ ልጄ። ክትባቱ ልጅ ያተኩሳል ይላሉ። አንቺ ደግሞ አትዋሺኝም፤ እውነት ነው?»

ሐኪሟ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እውነት ነው እማማ፣ አንዳንዱን ልጅ ከሳምንት በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ያተኩሰዋል። ለምን እንደሆነ ልንገርዎት።»